ከፎርማሊን እስከ ሰም፦ ከቲሹ ውሃ ስለማውጣትና በዛይሊን ስለማጥራት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ውስጥ የፓቶሎጂ ላብራቶሪ ሠራተኛ ነኝ፤ ከታካሚ የተወሰደን የሥጋ ቁራጭ (ቲሹ) በሰም ደግፈን፣ ስስ አድርገን ቆርጠን ለማይክሮስኮፕ እናዘጋጃለን። ለልምምድ የሚመጡ ተማሪዎች፣ ከኮምቦልቻና ከወልድያ የሚደውሉ የሙያ ጓደኞች፣ አንዳንዴም መስኮቱ ጋ ቆመው ውጤት የሚጠብቁ ቤተሰቦች የሚጠይቁኝ ነገር ይመሳሰላል። በስልክ ስመልሰው የኖርኩትን እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ጻፍኩት። አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ "ብሎኩ አልቆረጥ አለኝ" (ብሎክ ማለት ቲሹው የተቀበረበት ሰም ነው) ተብሎ ከሚደወልልኝ ውስጥ አብዛኛው መነሻው አንድ ነው፤ ቲሹው ውስጥ የቀረ ውሃ።

ውሃውን የግድ ማውጣት አለብን?

አዎ፣ የግድ ነው። ናሙናውን ከ3 እስከ 5 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ውፍረት ልንቆርጠው ነው። ለስላሳ ሥጋ እንደዚህ ስስ ሆኖ አይቆረጥም፤ ከውስጥ የሚደግፈው ነገር ይፈልጋል። ድጋፉ ሰም ነው፣ ማለትም ፓራፊን። ሰምና ውሃ ደግሞ አይስማሙም።

ጧፍ ሲሠራ ያያችሁ ታውቁታላችሁ። የጥጡ ፈትል ደረቅ ከሆነ ሰሙን ይጠጣል። ረጥቦ ከሆነ ግን ሰሙ ከላይ ይለብሰዋል እንጂ ውስጡ አይገባም። ቲሹም እንደዚያ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ውሃውን በአልኮል እናስወጣለን። ግን አልኮልም ከሰም ጋር አይዋሃድም። መሀል ገብቶ ሁለቱን የሚያስማማ ሽማግሌ ያስፈልጋል፤ እሱ ዛይሊን የሚባለው ፈሳሽ ነው። ዛይሊን ከአልኮልም ይዋሃዳል፣ ሰምንም ያሟሟል።

ታዲያ በቀጥታ ንጹህ አልኮል ውስጥ ብንጨምረውስ? ጊዜ እናተርፍ ነበር።

አታተርፉም። ቋንጣ በኃይለኛ ፀሐይ በአንድ ቀን ላድርቅ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ላዩ ቶሎ ይደርቅና ቅርፊት ይሠራል፣ ውስጡ ግን እርጥብ እንደሆነ ይቀራል። ቲሹ በቀጥታ 100% አልኮል ውስጥ ሲገባ የሚሆነው ለዚህ ቅርብ ነው። ውሃው በአንዴ ይወጣል፣ ሴሎቹ ይጨማደዳሉ፣ ቅርጻቸው ይበላሻል፣ ላዩ ይደድራል። ከላይ የደደረው ደግሞ የመሀሉን ውሃ ይዞ ያስቀረዋል።

ስለዚህ ደረጃ በደረጃ ነው የምንሄደው። የተለመደው 70፣ 80፣ 95፣ ከዚያ 100% ሦስት ጊዜ ነው። እንደ ጽንስ ያለ በጣም ስስ ነገር ከሆነ ከ50 ወይም ከዚያም ዝቅ ካለው ይጀመራል።

ብዙ ሰው የማያስበው ሌላ ምክንያትም አለ። ናሙናው እንዳይበሰብስ መጀመሪያ የምናጸናበት ፎርማሊን ፎስፌት ጨው አለበት፤ አሲድ እንዳይሆን የሚጠብቀው እሱ ነው። ያ ጨው ጠንካራ አልኮል ሲያገኘው እንደ አሸዋ ሆኖ ይዘቅጣል። ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም ቲሹውን በየፈሳሹ የሚያሳልፈው ማሽን፣ በፓምፕ የሚሠራ ከሆነ ቱቦውን ይደፍናል፣ ቲሹው ውስጥ ከዘቀጠ ደግሞ ሲቆረጥ ምላጩን ያበላሻል። የመጀመሪያው አልኮል ከ70 አይብለጥ። "80 ነበር ያለኝ፣ ከእሱ ጀመርኩ" የሚሉኝ ልጆች አሉ። ውሃ ጨምሩበት በቃ፣ 70 አድርጉት!

ከ96% አልኮል ላይ 70 እንዴት ነው የሚቀመመው?

ቀላል ነው። የምትፈልጉትን መጠን በምትፈልጉት ፐርሰንት አባዙ፣ ባላችሁ ፐርሰንት አካፍሉ። 1000 ሚሊ ሊትር 70% ለመሥራት 729 ሚሊ ሊትር 96% አልኮል ትለካላችሁ። ለ80% 833 ሚሊ ሊትር ነው። ከዚያ በተጣራ ውሃ እስከ 1000 መስመር ትሞላላችሁ።

"እስከ 1000 ትሞላላችሁ" ያልኩትን ልብ በሉ። "271 ሚሊ ሊትር ውሃ ጨምሩ" አላልኩም። አልኮልና ውሃ ሲቀላቀሉ ይቀንሳሉ፤ 500 አልኮልና 500 ውሃ ብትደባልቁ 970 እንኳ አይሞላም። ለየብቻ ለክታችሁ ከደባለቃችሁ ያሰባችሁት ፐርሰንት ላይ አትደርሱም።

በአልኮል መለኪያ ተንሳፋፊ የምትፈትሹ ከሆነ ሙቀቱንም እዩ። ብዙዎቹ መለኪያዎች የተሠሩት ለ20 ዲግሪ ነው። የደሴ ጠዋት፣ በተለይ ኅዳርና ታኅሣሥ፣ ክፍሉ ከዚያ በታች ነው የሚሆነው። የቀዘቀዘ አልኮል ይከብዳል፣ ስለዚህ መለኪያው ከእውነተኛው ዝቅ አድርጎ ያነባል። አልኮሉን ክፍል ውስጥ አቆይታችሁ ለብ ሲል ለኩ፣ ወይም ከመለኪያው ጋር የሚመጣውን የማስተካከያ ሰንጠረዥ ተጠቀሙ።

አብሶሉት (100%) አልኮል ውድ ነው፣ ሁልጊዜም አይገኝም። 96ቱን ራሳችን ደግመን አጣርተን 100 ማድረግ አንችልም?

በማፍላትና በማቀዝቀዝ ብቻ አትችሉም። አረቄ የምታወጣ እናት ደግማ ስታወጣው ይጠነክራል፣ ዳግም የሚባለው ለዚህ ነው። ግን አሥር ጊዜም ቢደገም ከ96 አካባቢ አያልፍም። እዚያ ሲደርስ ውሃውና አልኮሉ አብረው በአንድ ሙቀት ይተናሉ፣ አይለያዩም። የቀረችውን ውሃ ለማውጣት ውሃን የሚመጥ ነገር ያስፈልጋል።

አገር ውስጥ ኢታኖል አለ፤ ፊንጫና መተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ከሞላሰስ ያወጣሉ። ግን "ኢታኖል" የሚለውን ስም ብቻ አይታችሁ አትግዙ። ጠርሙሱ ላይ ፐርሰንቱንና የተጨመረበትን ነገር አንብቡ። የእጅ ማጽጃ አልኮል ግሊሰሪን ሊኖርበት ይችላል፣ እሱ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

እኛ የምናደርገው ይሄን ነው። ውሃው የወጣለት ኮፐር ሰልፌት ነጭ ዱቄት ነው። የመጨረሻው አልኮል ዕቃ ሥር አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር እናነጥፈዋለን፣ ላዩን በማጣሪያ ወረቀት እንሸፍነዋለን። ውሃ ሲያገኘው ሰማያዊ ይሆናል። ዱቄቱ ውሃውንም ይመጥጣል፣ የአልኮሉንም ሁኔታ ያሳያችኋል። ጠዋት ስገባ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ከዳር በኩል ፈዘዝ ያለ የሰማይ ቀለም ከጀመረ፣ ያን ቀን አልኮሉ ይቀየራል። ዱቄቱ መርዛማ ስለሆነ በባዶ እጅ አትንኩት።

ክረምት ላይ ብሎኮቻችን ለምን ይበላሻሉ? ያው ሰው፣ ያው ሥራ ነው።

ይሄን ጥያቄ እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም እኔም ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል። አብሶሉት አልኮል ከአየር ላይ ውሃ ይስባል። ጦሳ ተራራ ላይ ጉም ወርዶ ቀኑን ሙሉ በማይነሳበት ሐምሌና ነሐሴ፣ ክፍሉ ውስጥ ያለው አየር እርጥብ ነው። ክዳኑን ከፍታችሁ ቡና ጠጥታችሁ ስትመለሱ አልኮሉ የነበረው አይደለም። በበጋ ሁለት ሳምንት የሚያገለግላችሁ፣ በክረምት ቶሎ ይደክማል። የምትቀይሩበትን ቀን እንደ ወቅቱ አሳጥሩ። ክዳን ክደኑ። ትልቁን ጀሪካን ደጋግሞ ከመክፈት በትንንሽ ጠርሙስ ገልብጣችሁ አስቀምጡ።

ሁለተኛው ብርዱ ነው። ከመጽሐፍ የምትገለብጡት ሰዓት ሞቅ ላለ ክፍል የተጻፈ ነው። ሲቀዘቅዝ ፈሳሹ ቲሹ ውስጥ የሚሰርገው ቀስ እያለ ነው። ኮምቦልቻ ያለ ጓደኛዬ የሚጠቀምበት ሰዓት ለኔ አይበቃኝም። 25 ኪሎ ሜትር ነው የሚያራርቀን፣ ግን እሱ ቆላ ነው ማለት ይቻላል፣ እኔ ደጋ። በእጅ የምትሠሩ ከሆነ በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ሰዓት ጨምሩ። ፕሮሰሰሩ ማሞቂያ ካለው እስከ 37 ወይም 40 ዲግሪ ድረስ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ አትሂዱ።

እስኪ ትክክለኛ ሰዓቱን ንገሩን።

ለሁሉም የሚሆን አንድ ሰዓት የለም። የኛን ልንገራችሁ፣ እናንተ በራሳችሁ ናሙና ፈትሹት። 12 ዕቃ ያለው የሚሽከረከር ፕሮሰሰር ነው። ማታ 11 ሰዓት ይነሳል። ፎርማሊን አንድ ሰዓት፣ 70 አንድ ሰዓት፣ 80 አንድ ሰዓት፣ 95 ሁለት ዕቃ እያንዳንዱ አንድ ሰዓት፣ 100 ሦስት ዕቃ፤ ሁለቱ አንድ አንድ ሰዓት፣ ሦስተኛው ሰዓት ተኩል። ከዚያ ዛይሊን ሁለት ዕቃ፣ አንድ ሰዓትና ሰዓት ተኩል። በመጨረሻ ሰም ሁለት ዕቃ፣ ሰዓት ተኩል ሰዓት ተኩል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ያልቃል። ሰሙ የሚቀልጠው ከ56 እስከ 58 ዲግሪ ስለሆነ ዕቃውን 60 ላይ እንይዘዋለን።

ይሄ ሁሉ የሚሠራው ቁራጩ ስስ ከሆነ ነው። 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር፣ ከ5 በጭራሽ አይብለጥ። የካሴቱ (ቲሹው የሚቀመጥባት ትንሽ ቀዳዳማ ሳጥን) ክዳን ቲሹውን ተጭኖት ከሆነ ወፍራም ነው ማለት ነው፣ መልሱና ቁረጡት። ፈሳሽ የሚዞርበት ቦታ ከሌለ ሰዓት ብትጨምሩም አይረዳም። በፎርማሊን በደንብ ያልበሰለ ቲሹም እንዲሁ ነው፤ ፎርማሊን ያላጸናውን አልኮሉ መሀሉ ላይ ያጸናዋል፣ ያ ደግሞ ሴሎቹን ይጨማድዳል።

ጡትና ሌላ ስብ ያለው ነገር ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ስቡም ራሱ በአልኮሉና በዛይሊኑ መሟሟት አለበት። በኢንዶስኮፒ የሚወሰዱት የጨጓራ ቁራጮች ግን የጤፍ ፍሬን ትንሽ የሚበልጡ ናቸው፤ እነሱን ከጡት ጋር አንድ ቅርጫት ውስጥ ማሳደር ግፍ ነው። ይደርቃሉ፣ ሲቆረጡ እንደ ብስኩት ይፈረካከሳሉ። ከተቻለ በአጭር ፕሮግራም ለብቻቸው አሂዷቸው።

ዛይሊን ውስጥ "ጠራ" የምትሉት ምኑን አይታችሁ ነው?

ሳምቡሳ የተጠቀለለበትን ወረቀት አንሱና ወደ ብርሃን አዙሩት። ዘይት የነካው ቦታ ብርሃን ያሳልፋል፣ ያልነካው አያሳልፍም። ወረቀቱ አልሳሳም፣ በጭረቶቹ መሀል የነበረው አየር በዘይት ተተክቶ ነው። ዘይቱ ብርሃን የሚሰብርበት መጠን ለወረቀቱ ስለሚቀርብ ብርሃኑ ሳይበተን ያልፋል። ዛይሊንም ቲሹው ላይ የሚያደርገው ይሄንኑ ነው፤ የሱ መጠን 1.5 አካባቢ ነው፣ ከደረቀው ፕሮቲን ጋር ይቀራረባል።

ስለዚህ ካሴቱን ከፍታችሁ እዩት። በደንብ የጠራ ቲሹ ማር የመሰለ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ይሆናል። መሀሉ ላይ ነጭ፣ ድፍን ያለ ነጥብ ከቀረ እዚያ ውሃ አለ። ዛይሊኑ ራሱ ወተት መስሎ ከደፈረሰም ያው ነው፤ ውሃ ተከትሎ ገብቷል። ያኔ ዛይሊን ላይ ማቆየቱ አይረዳችሁም። ዛይሊን ውሃ አያወጣም። ወደ አዲስ አብሶሉት መልሱት፣ ከዚያ እንደገና ወደ አዲስ ዛይሊን።

"ለማንኛውም" ብላችሁ ደግሞ ዛይሊን ውስጥ አታሳድሩት። ብዙ ከቆየ ቲሹው ይደርቃል፣ ይሰባበራል። የሚያድር ነገር ካለ 70% አልኮል ውስጥ ይደር። እዚያ ቀናትም ቢቆይ አብሽሩ።

በዛይሊን ምትክ ክሎሮፎርም ይሆናል ወይ ለምትሉኝ፣ ይሆናል። ቲሹን ብዙም አያደድርም። ግን ቀስ ይላል፣ ቲሹው ጠርቶ ስለማይታይ መጨረሱን በዓይን አታውቁም፣ ትነቱም ጉበት ይጎዳል። እኔ አልመርጠውም።

መብራት መሀል ላይ ቢጠፋ ምን እናድርግ?

ዕቃው የት እንደቆመ ነው የሚወስነው። አልኮል ውስጥ ከቆመ አትደንግጡ። ሰም ውስጥ ከቆመም ሰሙ ይረጋል እንጂ ቲሹው አይሞትም፤ መብራት ሲመጣ ይቀልጣል። አደገኛው ቅርጫቱ ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ሲሻገር፣ አየር ላይ እያለ ሲጠፋ ነው።

ይሄ ደርሶብኛል። የዛሬ ጥቂት ዓመት፣ ያኔ በምሠራበት ቦታ፣ ሌሊት መብራት ሄደ፣ መጠባበቂያውም አልተነሳም። ጠዋት ስገባ ቅርጫቱ ከዛይሊኑ በላይ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። ዛይሊን ቶሎ ይተናል። ካሴቶቹን ስከፍት ቲሹዎቹ ጠቁረው፣ ጥግ ላይ እንደ ደረቀ ምስር ተለጥፈው ነበር። አንዷ ካሴት ውስጥ በመርፌ የተወሰደች ቀጭን ክር ነበረች፣ የአንዲት ከሩቅ ገጠር የመጡ እናት ናሙና። ሁለተኛ የለም። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው ያወጣኋት።

አልኮል፣ ፎርማሊንና ሶዲየም ካርቦኔት ባለበት ማለስለሻ ውስጥ አቆየናት፣ ከዚያ ከ70 ጀምረን እንደ አዲስ ወሰድናት። ተነበበች። ግን ፓቶሎጂስቱ ጠርዝ ጠርዙን ማንበብ አልቻለም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሌሊት ተረኛው አንድ ጊዜ ገብቶ እንዲያይ አድርጌያለሁ፣ ስልክ ቁጥሬም ማሽኑ ላይ ተለጥፏል። ቅርጫቱ አየር ላይ ካገኛችሁት በእጅ አዙራችሁ ወደሚቀጥለው ዕቃ አውርዱት። ሌላውን ሁሉ በኋላ ታስቡበታላችሁ።

ብሎኩ መሀል ላይ ለስላሳ ነው፣ ስቆርጥ ይበሳል። ተመልሶ ይድናል?

ይድናል። ግን መልሳችሁ ሰም ውስጥ ብቻ አትክተቱት። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው እሱን ነው። ውሃው ያለው ውስጥ ነው፣ ሰም ውሃን አያስወጣም። ብሎኩን አቅልጡት፣ ሰሙን በዛይሊን ሁለት ጊዜ አጥቡት፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ በአዲስ አብሶሉት አልኮል፣ እንደገና ዛይሊን፣ እንደገና ሰም። ቁራጩ ወፍራም ከነበረ በዚሁ አጋጣሚ ለሁለት ክፈሉት። በጣም የራሰ ከሆነ እስከ 70 ድረስ ውረዱና እንደገና ውጡ።

በተቃራኒው የደረቀና የሚፈረካከስ ከሆነ ላዩን ትንሽ ቁረጡት፣ ፊቱን በረዶና እርጥብ ጥጥ ላይ ለጥቂት ደቂቃ አስተኙት። ትንሽ ውሃ ይስብና የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቁራጮች ደህና ይወጣሉ።

አልኮሉን በየስንት ጊዜ እንቀይር? ባጀት የለንም።

ሁሉንም በአንዴ መድፋት የለባችሁም። የሚቆሽሸው መጀመሪያ የፊተኛው ነው። በ100 ተርታ የመጀመሪያውን ታወጣላችሁ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው አንድ አንድ ደረጃ ወደ ፊት ይጠጋሉ፣ አዲሱ መጨረሻ ላይ ይገባል። ዛይሊኑም እንዲሁ። በቀን ሳይሆን በካሴት ብዛት ቁጠሩ፤ አንድ ደብተር ማሽኑ አጠገብ አንጠልጥሉ። ቅርጫቱን ስታሻግሩ ደግሞ ይንጠባጠብ፣ ጥቂት ሰኮንድ ታገሡት። ከዚያ የሚወርደው ጠብታ ነው አልኮላችሁን የሚበላው።

ጭንቅላቴን ያመኛል ዛይሊን ስነካ። ልማድ ነው ይሉኛል።

ልማድ አይደለም። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ከዛይሊን ትነት ይመጣል። ማንም "ትለምደዋለህ" ቢላችሁ አትስሙ። ብዙ አገሮች ለስምንት ሰዓት ሥራ ያስቀመጡት ጣሪያ በአንድ ሚሊዮን 100 ክፍል ነው፣ ዝቅ ያደረጉም አሉ። እርጉዝ የሆነች ባልደረባ ካለች ከዛይሊን ሥራ አንሷት፣ ሌላ ጠረጴዛ አይጠፋም።

ትነቱ ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ላይ ነው የሚተኛው። ላይኛውን መስኮት መክፈት ብቻ አይበቃም፣ ወደ ታች የሚስብ ማራገቢያ ይኑር። የተለመደው የላቴክስ ጓንት ዛይሊን አይችልም፤ ናይትራይል የሚባለው ጓንትም ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው፣ ከረጠበ ወዲያው ቀይሩት።

እሳትም አለ። ኢታኖል ከ13 ዲግሪ ጀምሮ፣ ዛይሊን 27 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ትነታቸው በብልጭታ ይቀጣጠላል። ብርድ ነው ብላችሁ ከሰል ማንደጃ አታስገቡ። ቡናም በዚህ ክፍል ውስጥ አይፈላም፣ ዕጣንም አይጨስም። ኮሪደሩ ማዶ ጠጡ፣ እኔንም ጥሩኝ።

ያገለገለው ዛይሊን ማጠቢያ ውስጥ አይደፋም። በተዘጋ ብረት ዕቃ፣ ስሙ ተጽፎበት፣ በተቋሙ የኬሚካል ቆሻሻ ለሚያስወግደው ክፍል ይሰጣል።

"የእናቴ ናሙና ከተወሰደ ሦስት ቀን ሆነው፣ ለምን አይነገረንም?"

ይሄን የሚጠይቁኝ ቤተሰቦች ናቸው፣ መልስም ይገባቸዋል። ናሙናው መጀመሪያ ፎርማሊን ውስጥ መጽናት አለበት፣ እንደ መጠኑ ከ6 ሰዓት እስከ አንድ ሁለት ቀን። ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ከላይ የጻፍኩትን መንገድ ይሄዳል። በማግስቱ በሰም ይቀመጣል፣ ይቆረጣል፣ ይቀለማል፣ ከዚያ ነው ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ የሚያየው። አንዱን ብንዘል የሚበላሸው የእናታችሁ ናሙና ነው።

ከላስታ ወይም ከመካነ ሰላም በመኪና የምትልኩልን ባለሙያዎች ደግሞ አንድ ነገር አድርጉልን። ናሙናውን ወዲያው 10% ፎርማሊን ውስጥ ክተቱት፤ ፈሳሹ ከናሙናው ቢያንስ አሥር እጥፍ ይሁን። በጨው ውሃ አትላኩት፣ ደረቅ ጓንት ውስጥም አትቋጥሩት። አፈ ሰፊ ዕቃ ተጠቀሙ፣ ምክንያቱም ሲገባ ለስላሳ የነበረው ሲወጣ ደድሮ ነው የሚመጣው። የተወሰደበትን ሰዓትም ዕቃው ላይ ጻፉ፤ ክዳኑ ላይ ሳይሆን ጎኑ ላይ፣ ክዳን ይለዋወጣል።